የአሥራ ሁለት ቤት ኩሬ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተ፤ ቡናው ተለቅሞ ገና ሳይደርቅ። ለእኔ የተወልኝ አንድ መንጠቆ ከነገመዱና አንድ ተራ ነው። የምጽፈው ስለ ተራው ነው።

እንድጽፍ ያደረገኝ ሽታ ነው። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ግቤ ግድብ ዳር ወስዶኝ ነበር። አጥማጆቹ ዓሣ ሲበልቱ ደረስን። ጭቃ፣ ቅርፊት፣ ፀሐይ የመታው የዓሣ ሆድዕቃ። ይህ ሽታ አንድ ጊዜ አፍንጫህ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አንድ ወጣት ባለሙያ ወረቀት ይዞ ይናገራል፤ መረባችሁ ዓይኑ ጠባብ ነው፣ ጫጩቱን እየጨረሳችሁት ነው፣ በመራቢያው ወራት እረፉ ይላል። አንዱ አጥማጅ ቢላውን እንደያዘ፣ «እኔ ብተወው ያኛው ያወጣዋል፤ ታዲያ ምን ተጠቀምኩ?» አለው። ሳቅ አመለጠኝ።

«አባቴ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለኝ ባለሙያው።

«ይህን ክርክር በሃምሳ ስምንት ሰምቼዋለሁ» አልኩት። «መጨረሻውንም አውቀዋለሁ።»

ባለሙያው ልጅ ሥራ ላይ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ሊሰማኝ ጊዜ አልነበረውም። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ አላድርም።

ሰፈራችን ከጅማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ቡና ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ናት። ከሥሯ ትንሽ ወንዝ አለች። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ክር። ክር በምትሆንበት ጊዜ ዓሣው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ወንዟ ተጥመልምላ ዐለት ሥር የቆፈረችው ጥልቅ ኩሬ አለ፤ እዚያ። ኩሬው የአሥራ ሁለት ቤት ነበር። ዘጠኙ እኛ እስላሞቹ፣ ሦስቱ ከሸዋ የመጡ ክርስቲያኖች። እያንዳንዱ ቤት በየአሥራ ሁለት ቀኑ አንድ ቀን ተራ ይደርሰዋል። በተራህ ቀን አንተ ብቻ ታጠምዳለህ። በሰው ተራ መንጠቆ ይዘህ ዳር ላይ ከታየህ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ላይ መቀለጃ ትሆናለህ።

መስቀል ሲያልፍ ይከፈታል፤ ቡና ሲያብብ ይዘጋል። ከቡና አበባ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ የዓሣው ነው። ይወልዳል፣ ያሳድጋል። ዝናብ ጥሎ የቡናው አበባ ነጭ ሆኖ ሲፈነዳና አገሩ ሁሉ በመዓዛው ሲታወድ ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እኛ ግን መንጠቆ እንሰቅላለን።

ይህን የሚጠብቁት አባ ፊጣ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፣ ዘብ የላቸውም። ያላቸው ክንዳቸው ነው። ከክርናቸው እስከ እጃቸው አንጓ የማይደርስ ዓሣ ወደ ውሃው ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ዐለቱ ላይ ተቀምጠው ተረኛው ያወጣውን ክንዳቸው ላይ ያጋድማሉ፤ ደርሷል ወይም መልስ ይላሉ። በቃ።

እኔ አባቴ በየዓመቱ ለጭቃ ሹሙ ግብር ሲከፍል አይ ነበር፤ አባ ፊጣም ትናንሾቹን የሚመልሱት ለወንዟ ግብር እየከፈሉ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ለጋስነታቸው ይገርመኛል፤ ጭቃ ሹሙ እንኳ ከአሥር አንድ ነው የሚወስደው፣ ወንዟ ግን ከአምስት አራት። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«አባ ፊጣ፣ ግብር ካልከፈሏት ወንዟ ታስራለች?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ! ወንዝ ሰው አታስርም፤ ታስርባለች እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። «አንተ አረንጓዴ ቡና ትለቅማለህ?»

«አልለቅምም።»

«ለምን?»

«አልደረሰማ። ደግሞ ከነቅርንጫፉ ከሸመጠጥኩት ለከርሞ የሚያብብበት ቦታ ያጣል። አባቴ ይመታኝ ነበር።»

«እንግዲህ እኔም እንደ አባትህ ነኝ» አሉና ትንሿን ዓሣ ለቀቋት። «ይቺ አንድ ጊዜ እንኳ አልወለደችም። ትውለድና ብላት።»

ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር። እኔ የገባኝ መለካት እንዳለበት ነው፤ የለካ ሰው ንጹሕ ነው ብዬ ያዝኩ። ይህች ስሕተት ኋላ ትመጣለች።

አባቴ እንደሞተ አርባው ሳይወጣ ነገሩ ተነሣ። ሴት መንጠቆ አትጥልም፤ ልማዱ ነው። እናቴን አዮ ነበር የምንላት። አዮ የነበራት አንድ ወንድ እኔ ነኝ። ሌላም ሕግ ነበረ፤ ሦስት ተራ በተከታታይ ባዶውን የወጣ ቤት ተራው ለቅርብ ዘመድ ያልፋል። የማያጠምድ ቤት ተራ ይዞ ከተቀመጠ ዓሣውም ቀኑም ይባክናል፣ ሌላውም ይራባል ነው ነገሩ። የቅርብ ዘመዳችን ደግሞ የአባቴ ወንድም ሙዘይን ነው።

አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ፈጣን ሰው ነበር። ነገር ቶሎ ያያል፣ ቶሎ ይፈልጋል። አዮን ቁጭ አድርጎ፣ «ተራውን ለእኔ ስጪኝ፤ የማወጣውን እኩል እናደርጋለን። ይህ ልጅ እኮ ከመንጠቆው አይከብድም» አላት።

አዮ ወደ እኔ ዞረች። «ከድር፣ ታጠምዳለህ?»

«አጠምዳለሁ።»

«ሰማህ» አለችው።

ዓሣው ለእኛ ቀልድ አልነበረም። ቡናው በኅዳርና በታኅሣሥ ያበላሃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ እሸት ድረስ ያለውን ወራት ቤታችን የሚቆመው በዓሣ ነበር። ቀድደው ጨው ነስንሰው ያደረቁትን ገበያ ያወጡታል። የጅማው ገበያ ሄርማታ ዳር ከሚኖሩት ገዢዎች አንዷ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ዣንጥላ የማይለያቸው ክርስቲያን ሴት። በጾም ጊዜ በራሳቸው እግር እስከ ኩሬው ድረስ ይመጣሉ።

«የእናትህን ዶሮ አልበላም፣ እናትህም የእኔን አትበላም» ይሉኝ ነበር። «በዓሣ ግን ማን ይጣላል? ዓሣ ማን አረደው? የእግዜር ነው። እዚህ አገር አንድ ላይ የምንበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነው እኮ!»

ግን አምባዛ አይገዙም። «ቅርፊት የሌለው ለእኔ እባብ ነው፤ ወዲያ አድርግልኝ» ይላሉ፤ ጺሙን ባዩ ቁጥር ዣንጥላቸውን ይዘረጉበታል። የሚፈልጉት ባለቅርፊቱን ነጭ ዓሣ ነው። ጾም ሲገባ ይሄ ዓሣ ዋጋው ይወጣል፤ በዚያው ወር ደግሞ ወንዟ ክር ሆና ዓሣው ኩሬው ውስጥ ተጠራቅሟል። ልብ በሉ፤ ዋጋው ከፍ በሚልበት ወር ዓሣውም በአንድ ጉድጓድ ተሰብስቦ ቁጭ ይላል። የሰው ልብ የሚፈተነው እንዲህ ያለ ወር ላይ ነው።

አጎቴ ይህንኑ ለአባ ፊጣ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ዐለቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ትል እቆፍራለሁ።

«አባ ፊጣ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ በዚህ ጾም አንድ ጊዜ መረብ እንጣልበት። ለአሥራ ሁለቱም ቤት ይበቃል። ክረምት ሲመጣ ዓሣው ከግቤ ይመጣል፤ ወንዝ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል?»

«የሚመጣውን አይተኸዋል?»

«ባላየውም ይመጣል። ደግሞ እኛ ብንተወው ጎርፉ ይዞት ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ሰዎች የቅርጫት ወጥመዳቸውን ደቅነው ይጠብቁታል። እኛ ጾመን እነሱን ማብላት!»

አባ ፊጣ ወደ እሱ ዞሩ። «ሙዘይን፣ ላምህ ጎረቤት ሣር ላይ ስለምትሄድ ታርዳታለህ?»

«ላሜ የእኔ ናት።»

«ይህም ያንተ ነው። ያንተና የአሥራ አንድ ሰው ስለሆነ ነው ያንተ የማይመስልህ።»

አጎቴ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ቢላል ኢንሻአላህ ሲያድግ ይህን ወግ እነግረዋለሁ፤ ዓሣውን ግን አላሳየውም» ብሎ ሄደ። ቢላል ልጁ ነው፤ ያኔ ገና ጡት አልጣለም።

የመጀመሪያ ተራዬ አርባው ካለፈ በኋላ በጥር መጨረሻ ደረሰ። ገና ሳይሞቅ ወረድኩ። አምስት ዓሣ አወጣሁ፤ አምስቱም ከአባ ፊጣ ክንድ አጠሩ። አምስተኛዋ ለጥቂት ነው፤ የጣት ስፋት ያህል። አልመልስም አልኩ።

«በእኔ ክንድ ይለኳት!»

«ባንተ ክንድ ለምን?»

«ተራው የእኔ ነው፤ ክንዱም የእኔ መሆን አለበት።»

አባ ፊጣ አልተቆጡም። «መልካም። ዛሬ ባንተ ክንድ እንለካ። ነገ የጎረቤትህ ተራ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጁን አዝሎ ይመጣና በዚች ክንድ ለኩልኝ ይለኛል። ከነገ ወዲያ ሙዘይን ቢላልን ያመጣል። በሳምንቱ ትል እያወጣን ነው።»

መለስኳት። እንባዬ ግን ዓሣዋን ተከትሎ ሊገባ ነበር። ዳር የቆመው አጎቴ፣ «አንድ» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ መቁጠር ይወዳል።

ቤት ስገባ አዮ «ተራው ከቤት እንዳይወጣብን» ስትል ሰማሁ። ያን ቀን ማታ በሩን ደጋግሜ አየሁት። ተራ የሚባለው ነገር በበር የሚወጣ ከሆነ በእኔ በኩል አያልፍም ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሁለተኛው ተራ ላይ ትልቁ መጣ። መጎተቱን ክንዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ውሃው ውስጥ እንደ ወይፈን ሄደ። አጎቴ ከዳር «አምጣው፣ ላግዝህ!» ብሎ ዘለለ፤ እኔ ደግሞ በሰው እጅ የወጣ ዓሣ የእኔ አይባልም ብዬ «እንዳትነካው!» አልኩት። ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። ዓሣው ዐለቱ ሥር ገባ፣ ገመዱ በዐለቱ ስለት ተቆረጠ፣ ዓሣውም መንጠቆውን ይዞ ሄደ። እጄ ደማ። አጎቴ ቁጥሩን ሳይናገር ፊቱን አዞረ። ባይናገርም ሁለት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ተራዬ የካቲት መጨረሻ ሐሙስ ላይ ዋለ። ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ነው። አዮ አንድ ቁና ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ተሸክማ ጎሕ ሲቀድ ወጣች። «መንጠቆ ገዝቼ ቀትር ላይ እደርሳለሁ። ጠብቀኝ። ከቀትር በኋላ ያለው ቀን ይበቃሃል፤ አባ ፊጣም ያኔ እንዲወርዱ ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ።

እኔ ግን አስቀድሜ ሌላ መላ ነበረኝ። አጎቴ ጋ ቡና ሊለቅም ከከፋ በኩል የመጣ ሰው ነበር፤ ወልዴ ይባላል። ለቀማው ካለቀም በኋላ ጀንፈል እያገላበጠ ቀርቷል። ጨዋታ አዋቂ ነው። እሱ ነው ስለ ብርብራ የነገረኝ። «በእኛ አገር ዓሣ በመንጠቆ አንለምነውም» አለኝ እየሳቀ። «በዓመት አንድ ቀን ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ የብርብራ ፍሬ እንወቅጥና ወንዝ ውስጥ እናጥባለን። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። የምንፈልገውን እንለቅማለን። ሌላው ታች ወርዶ ነቅቶ መንገዱን ይሄዳል፤ ጠጅ እንደጠጣ ሰው።»

ብርብራ እኛ ጋ የቡና ጥላ ነው፤ ለዓሣ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ስላልታሰበም አልተከለከለም። የካቲት ላይ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ፀሐይ ሲመታው ጧ እያለ ይሰነጠቅና ጠፍጣፋ ቡናማ ፍሬውን ይወረውራል። ያን ጠዋት ከየዛፉ ሥር የአንድ ጆንያ እኩሌታ ለቀምኩ። በአዮ ሙቀጫ ወቀጥኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ፣ አስነጠሰኝ።

አንድ ነገር ላስረዳ። ሌብነት እየሠራሁ ነው ብዬ አላሰብኩም። ተራው የእኔ ነው። ቀኑ የእኔ ነው። እንዲያውም ለሕጉ ተጨንቄ፣ አንድ ቀን አባ ፊጣ እንቅልፍ ወስዷቸው ክንዳቸውን የለካሁበት እንጨት ነበረኝ፤ እሱን ይዤ ወረድኩ። ትልልቆቹን ለክቼ እወስዳለሁ፤ ትናንሾቹ ስካራቸው ሲለቃቸው ይሄዳሉ። ከአባ ፊጣ ይልቅ እኔ ለትናንሾቹ አዘንኩ ብዬም ነበር፤ መንጠቆ እንኳ አፋቸውን አይወጋቸውም።

ዱቄቱን በጆንያ አስሬ ኩሬው ራስ ላይ አጠብኩት። ውሃው ወተት የነካው መሰለ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንዱ ብቅ አለ፤ አፉን ከፍቶ አየር ይለምናል። ሌላው በጎኑ ዋኘ። ከዚያ ኩሬው ሁሉ አፍ ሆነ።

ገብቼ ለቀምኩ። በእንጨቴ ለካሁ። ያጠረውን መልሼ አስቀመጥኩ፤ በእርጋታ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን። ሰባት የደረሱ ዓሣዎች አገኘሁ። ሰባት! አባቴ እንኳ በአንድ ቀን ሰባት አውጥቶ አያውቅም። በልጥ ሰካኋቸውና ጠባቂው ሳይመዘግብልኝ አይቅር ብዬ ወደ አባ ፊጣ ቤት ሮጥኩ።

ደጃቸው ላይ ቅርጫት እየሠሩ ነበር። «ከድር ባዶውን አልወጣም!» አልኩና ሰባቱን ዘረጋሁ። አባ ፊጣ አንዱን አነሡ። ክንዳቸው ላይ አላጋደሙትም። አፉን ከፈቱ፣ ወደ ብርሃን አዞሩ። ሁለተኛውን አነሡ፤ አፉን አዩ። ሦስተኛውን።

«የመንጠቆ ቁስል የታለ?» አሉኝ።

እጄን ይዘው አሸተቱ።

ምርኩዛቸውን አንሥተው ወረዱ፤ እኔ ከኋላ። መንገድ ላይ ስለ ወልዴ ነገርኳቸው፤ ስለ ስካሩ፣ ስለ እንጨቴ፣ ትናንሾቹ አሁን ነቅተው እንደሚሆኑ። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዳር ስንደርስ እትዬ አስካለ ቆመዋል። ለጾሙ ዓሣ ሊገዙ በማለዳ ከሄርማታ የመጡ ናቸው። ዣንጥላቸው ተዘግቶ መሬት ላይ ወድቋል። «የማርያም ያለህ» ይላሉ ደጋግመው። «የማርያም ያለህ፣ አባ ፊጣ፣ ምን መጣብን?»

ኩሬው ነጭ ነበር። የጣት የሚያህል፣ የስንዝር የሚያህል፣ የጥፍር የሚያህል፤ ሁሉም ሆዱ ወደ ላይ። ከዳር እስከ ዳር። እንዲህ ብዙ ዓሣ እዚያ ውስጥ መኖሩን በዕድሜዬ አላወቅኩም ነበር። ገባሁና አንዷን አንሥቼ ውሃ ረጨሁባት። እፍ አልኩባት። «ትነቃለች» አልኩ። ሌላዋን አነሣሁ። እትዬ አስካለ መጥተው ከውሃው አወጡኝ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «ተው።»

አባ ፊጣ ዐለታቸው ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ የተናገሩት እንዲህ ነው። «የወልዴ አገር ወንዝ ይሄዳል፤ የሰከረውን ይዞት ወርዶ ንጹሕ ውሃ ያጠጣዋል። ይህ ኩሬ ነው። ወዴት ይሂዱልህ?»

ቀትር ላይ አሥራ ሁለቱም ቤት ወረደ። አምባዛዎቹ ብቻ ጭቃ ውስጥ ገብተው ተርፈዋል። አዮ ከገበያ በቀጥታ መጣች፤ ላቧ አልደረቀም። አየች። መንጠቆው በወረቀት ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነበር፤ ወረቀቱን እስኪቀደድ ጨበጠችው።

አጎቴ ተናገረ፤ ሕግ አዋቂ ነው። «በመንጠቆ ያልወጣ ዓሣ ዓሣ አይባልም። ስለዚህ ሦስት ባዶ ነው። ተራው ያልፋል።»

«ሙዘይን፣ ተራውን ትፈልጋለህ?» አሉት አባ ፊጣ።

«ሕጉ ነው።»

«ውሰደው። ነገ ጠዋት መንጠቆህን ይዘህ ና።»

አጎቴ ውሃውን አየ። አፉን ከፈተ፤ እንደ ዓሣዎቹ። ዘጋው። ከኋላ አንዱ፣ «አምባዛ ለእትዬ አስካለ ይሸጥላታላ» ሲል ሌላው አፉን ይዞ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ አባ ፊጣ። «አጭርና ረጅም ስለካ ኖርኩ። አረንጓዴውን አትልቀሙ አልኩ፤ ዛፉን አትቁረጡ ማለት ግን አላሰብኩም፤ ማን ይቆርጠዋል ብዬ። የእኔ ቤት ተራ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ስሙኝ። ከላይ ጫካው ውስጥ ወንዟ የተወቻቸው ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። በየዓመቱ ጫጩት እዚያ ይቀራል፤ ፀሐይና ወፍ ይጨርሰዋል። ያ ጫጩት እዚህ ይምጣ። እስከ ክረምት የተሸከመ ቤት ተራ አለው። ያልተሸከመ የለውም። ኩሬው ሁለት መስቀል አይከፈትም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለት ዓመት ምን ልንበላ? ልጅ ባጠፋው እኛ ለምን? ከዚያ አዮ ወደ መሐል ገባች። በወንድ ሸንጎ መሐል ስትቆም ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«አባ ፊጣ፣ ያጠፋው የእኔ ቤት ነው፤ በፊት የሚሸከመውም የእኔ ቤት ነው። ሌላው ቢሸከም አልሐምዱሊላህ፤ ባይሸከም እሱና ከርሞ የሚበላው ይወቁ። ተራዬን ግን ለማንም አልሰጥም» አለች።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መናገር እንዳለብኝ ገባኝ።

«ስንት ልሸከም?» አልኩ።

«ስንት ገደልክ?» አሉኝ አባ ፊጣ።

«አልቆጠርኩም።»

«እንግዲያው ስትሸከምም አትቁጠር።»

ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዶቹ የኩሬውን የታች አፍ የዘጉትን ድንጋዮች አነሡ፤ የላዩንም በዶማ አሰፉ፤ መርዙ እንዲወጣ። ከታች ላሉት ሰዎች ነገ ከብት እንዳታጠጡ ብሎ የሚነግር ሰው ተላከ። የተላከው አጎቴ ነው። ከዚያ ወዲያ እነሱን ሲያማቸው አልሰማሁም፤ ሄዶ ቆሞ አናግሯቸዋልና።

በማግስቱ ጠዋት የአዮን ትልቁን ቅል ይዤ ወደ ጫካው ወጣሁ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ጫጩቶቹን አገኘኋቸው፤ የእጅ መዳፍ በማይሞላ ውሃ ውስጥ ይንደፋደፋሉ፤ አንድ ወፍ ቀድማኝ ቆማለች። በድንጋይ አባረርኳት። ሸሚዜን አውልቄ በእሱ ጨለፍኳቸው። ቅሉን አቅፌ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ጉልበቴን ላጥኩት፤ ውሃው አልፈሰሰም።

አባ ፊጣ ዐለቱ ላይ ነበሩ። ልደፋው ስል እጄን ያዙኝ። አንዷን ብቻ አወጡና ቅርጫት ውስጥ አድርገው ቅርጫቱን ኩሬው ውስጥ አጠለቁ።

«ጠብቅ። መርዙ ለቅቆ እንደሆነ እሷ ትነግረናለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞት ወይ እስክትበላ።»

ተቀመጥኩ። ጨዋታ የለም። ዓሣዋ ቅርጫቱ ሥር ተለጥፋ ጭራዋን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ጉልበቴ ላይ ያለው ደም ደረቀ። ቅሉ እንዳይሞቅ በሰፋፊ ቅጠል ሸፈንኩት። ፀሐይዋ ዐለቱን አልፋ ውሃው ላይ በወረደች ጊዜ ከጎኔ ካለው ኩይሳ አንድ ምስጥ ለቅሜ ጣልኩላት። ምስጡ ተንሳፈፈ። ዞረ። ዓሣዋ አየችው፤ አልተነሣችም። ሁለተኛ ጣልኩ።

ከሥር ተወርውራ ወጣችና ዋጠችው።

አባ ፊጣን ሳልጠይቅ ቅሉን ደፋሁት። ከዚያ ባዶውን ቅል ይዤ ወደ ላይ ተመለስኩ።